ከጣሳው የጎደለችው

ከታቦር ተራራ ግርጌ፣ ጋሽ ሀሜሶ ቤት፣
ልጠይቀው ሄድኩኝ፣ ለድኩላ የሚበጅ ጥይት።
«ፈጣኑ ይሻላል? ወይስ ከባዱ አረር?»
አልመለሰልኝም፤ ጎንበስ አለ ካልጋው ሥር፤
የወተት ዱቄት ጣሳ ጎትቶ አውጥቶ
መዳፌ ላይ ገለበጠው፤ ወረደ ተንኳኩቶ፣
በቢላው ጫፍ ከየሥጋው ፈልቅቆ ያወጣው
የሠላሳ ዓመት እርሳስ፣ የሠላሳ ዓመት ጣጣው።

«ይቺ ፈካች፣ አየሃት? እንደ ክረምት እንጉዳይ፤
ሳንባ ነው ያገኘች። ሃያ እርምጃ ሮጠ፤ አለቀ ጉዳይ።
ይቺ ፈጣን ነበረች፤ ትከሻው ላይ ተበተነች፣
የመዳብ ሸሚዟን ጥላ፣ ሥጋውን አበላሽታ ቀረች።
ይቺ ቀጥ ያለችው፣ አፍንጫዋ ያልተነካ፣
በስታው አልፋ ግንድ ገባች፤ እኛ አደርን በዱካ።»

«ታዲያ የቷን ልግዛ?»
ጣሳውን ወደ መስኮቱ አዘነበለ፣
ታቹን አየ፤ «የምፈልጋት እዚህ የለችም» አለ።

«ከዶዶላ በላይ፣ አስታው ዳር፣ ጭጋግ ነበረ።
ውድ ጥይት ነው፣ እንግዳው ከአገሩ ያመጣው፤
‹ቆይ› ማለት ነበረብኝ። ‹በል› አልኩት። ሆዱን አገኘው።
ሦስት ቀን ፈለግን። ዝናቡ ደሙን አጠበው።
ፈካች? ተበተነች? በምን ልዳኛት?
ድኩላው ይዟት ሄደ፤ እስከ ዛሬ አላየኋት።»

ከሐይቁ በኩል ነፋስ መጣ፣ የዓሣ ሽታ ይዞ፤
ከመዳፌ አንድ በአንድ ለቀማቸው፣ አቀርቅሮ ተክዞ።
«ጥይት ይገኛል፤ አትቸኩል።
ነገ ማለዳ ና፣ ጠመንጃህን ባዶውን ይዘህ።
መጀመሪያ አለመተኮስ እናያለን።»