ቀበቶ የማይታሰርበት መንገድ

ጋዜጣችን አራት ገጽ ናት፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ትወጣለች፤
ከመርከቡ ሰዓት በታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ እንዲህ ትላለች፦
«ባሕሩ ስላልረጋ
የበረዶው መንገድ ዘንድሮም ዝግ ነው።»
ቀጥሎ የጠፋ ድመት፤
የሚሸጥ ምድጃ፤
አውቶቡስ ማቆሚያ ወንበር ሥር እንቅልፍ የወሰደው የአቆስጣ ግልገል
(ተሳፋሪዎች ቆመው እንዲጠብቁ ተጠይቀዋል)።

እኔ ይህን ይህን እየቀደድኩ በብስኩት ቆርቆሮ አከማቻለሁ፤
ምን ይሠራልሻል ቢሉኝ፣ ነገ እነግራችኋለሁ እላለሁ።

ድሮ የካቲት ሲብት ባሕሩ ይረጋል፤
ከዋናው ምድር እስከ ሂዩማ ደጃችን መኪና ይተምማል፤
ሃያ ስድስት ኪሎ ሜትር፣ ግራ ቀኙ የጥድ ቅርንጫፍ የተተከለበት፣
ሕግ የሚገለበጥበት፦
ቀበቶ ማሰር ክልክል፣ በረዶው ከከዳህ ዘለህ እንድታመልጥበት፤
ከሃያ አምስት እስከ አርባ ባለው ፍጥነትም አይነዳበት፤
ወይ እንደ ኤሊ አዝግም፣ ወይ እንደ ተባረረ ሰው ብረር፤
ማዕበል ከሥር እየተከተለ መሐል ሰፋሪውን ይሰብር ነበር።

ባሌ ኤንዴል በረዶ ለኪ ነበር።
በመሰርሰሪያው በስቶ፣ ክንዱን ሰድዶ ሲሰፍር፣
«ሃያ ሁለት ሳንቲ!» ይለኛል በስልክ፤
ድምፁ ከባሕሩ መሐል ሲመጣ
ከቤት ይልቅ ይሞቅ ነበር።
የሞተው በመስከረም ነው፣ በደረቅ ምድር፣ በአልጋው።
ሊያጽናናኝ የመጣ ሁሉ ግን ባሕሩን ይወቅሳል፤
ማስተባበል ሰልችቶኝ ተውኩት።

ቆርቆሮው ውስጥ አንዲት የምወዳት ቁራጭ አለች፦
ደሴታችን በየዓመቱ ከባሕር ትነሣለች፤
ሁለት ሚሊሜትር ከምናምን፤ የስንዴ ቅንጣት አትሞላም።
ያኔ፣ ከአሥር ሺህ ዓመት በፊት፣
ተራራ የሚያህል በረዶ ተጭኗት ኖሯል፤
በረዶው ቀልጦ ሄደ፣ ስሙም ተረሳ፤
እሷ ግን እስከ ዛሬ ወገቧን እያቀናች ናት፣
ሸክሙ መውረዱን ገና ያላመነች ትመስላለች።

አያቴ ጀልባ ያሰረበት ካስማ ዛሬ ላም ታስሮበታል።
ጎረቤቴ ሄልዩ፣ «ቆይ ብቻ፣
ያለ መርከብ ያለ በረዶ በእግራችን እንሻገራለን» ትላለች።
አሰላሁላት፤ አራት ሺህ ዓመት።
«እንግዲያው ጫማዬን አላወልቅም» አለችኝ።
ባሕሩም ከምድሪቱ እሽቅድምድም መግባቱን
ሌላዋ ቁራጭ ትናገራለች፤
ያቺን አላነበብኩላትም።

ትናንት በባሕሩ ዳር አስፋልት ስነዳ
እጄ ሳላዝዘው ቀበቶዬን ፈታ።
ፖሊሱ ኡርማስ አስቆመኝ፤ መስኮቱን አወረድኩ።
ቅጣት የሚጽፍበትን ደብተር አወጣ፤
አንገቱን ወደ ውሃው መለሰ፣
ግራጫ፣ ወለል ያለ፣ ዳክዬ የሚንሳፈፍበት፤
ደብተሩን መልሶ ኪሱ ከተተ።
«ዛሬ ስንት ነው?» አለኝ። ውፍረቱን ማለቱ ነው።
«ዜሮ።»
ፈገግ እንኳ አላለም።
«በይ በዝግታ ሂጂ» አለኝ፣ «ወይም በጣም ፍጠኚ።»