ቅድሚያ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፤ ሳስካቱን በረዶ።
ሰርቨሩ በአይፒ ስድስት ያንኳኳል፣ በሩ አይከፈትም፤
ሠላሳ ሰከንድ ሙሉ ቆሞ አይታክትም።
ከዚያ ወደ አራት፣ ወደ አሮጌው መንገድ፣
ያፈረ ይመስል ይዞራል በግድ በግድ።

ለእኔ ሠላሳ ሰከንድ ምንም አይደል፤
ፎቅ ላይ ያለችው ነርስ ግን
የሕፃን ደም ውጤት ትጠብቃለች።

ፋይሉን ከፈትሁት። አንዲት መስመር አለች፣
ፊቷ በሃሽ ታጥሮ ዓመታት ዝም ያለች።
ከበላይዋ፦ «አትንኳት — ኦረስት»።
እሱ ጡረታ ወጥቷል፤ ስልኩ አይነሳም በሌሊት።

ሃሿን አነሳሁላት።
«አራት ይቅደም» — አፏ ላይ የቀረው ቃል ይኸው ኖሯል!
ሰርቨሩ አራትን ጠራ፤ ወዲያው «አቤት» ተባለ።

ስድስትን አልዘጋሁም፤
መንገዱ ተሠርቶ እስኪያልቅ፣ ተራውን ይጠብቅ።
ከኦረስት ጽሑፍ ሥር፦
«ነካኋት — ትርሲት»።