ሚስማር የሌለው ቁምሳጥን

የአዳማ ነፋስ ባርኔጣ አይመርጥም፣
የሹም ነው የድሃ ብሎ አይጠይቅም።
ስልሳ አንድ ላይ ነው፣ ክረምቱ እንደወጣ፣
ከባቡር ጣቢያው በጋሪ ተጭኖ ሚስተር ራጋቫን የመጣ፤
ሁለት ሻንጣ ይዞ፣ ሚስቱን አስከትሎ፣
አንገቱን ሸሽጎ፣ ነፋሱን ታግሎ።

አባቴ አናጺ ነው፤ በዳዳ ይባላል፤
እንጨት አሽትቶ ዕድሜውን ይነግርሃል።
የሒሳብ መምህሩ አንድ ማታ መጣ፤
«ቁምሳጥን ሥራልኝ፣ ሚስማር የሌለበት» አለና ወረቀት አወጣ።
ወረቀቱ ላይ ግን ደረጃ በደረጃ እየጠበበ የሚወጣ ማማ፤
አባቴ ቁምሳጥን ብዙ ሠርቷል፣ እንዲህ ያለ ግን አይቶም አልሰማ።

«ከተወለድኩበት፣ ከወንዙ ዳር» አለው፣
«አንድ መቅደስ አለ። የጀመረው ማነው?
ገሚሱ ንጉሥ ይላል፣ ገሚሱ ሸማኔ ነው።
ድንጋይ የጎተቱት የዝሆኖች ስም
ግድግዳው ላይ አለ፤ የጠራቢዎቹ የለም።
ጎርፍ ሦስቴ ወስዶት ሦስቴ ተመለሰ፤
መቶ ዓመት ዱር ውጦት፣ ጣሪያው ፈራረሰ፤
ያን ጊዜም መብራቱ አልጠፋም ይላሉ፤
‹ዱር ውስጥ ዘይት ማን አደረሰ?› ስላቸው ይቆጣሉ።
ዘይቱ በተራ ነው፣ ለየቤቱ አንድ ቀን፤
ኅዳር፣ ጨረቃ ስትሞላ፣ ይደርሰናል እኛን።
እኔ እዚህ ነኝ። ቀኑ ግን ይመጣል፤
ቀን፣ ሰው የት ሄደ ብሎ መቼ ይጠይቃል?»

አባቴ ዝም አለ፤ ማተቡን ነካካ።
የሌላ አምላክ ቤት ነው፣ በምን እጁ ይንካ?
ሦስት ቀን አልሠራም። በአራተኛው መጋዙን ሳለና፣
«ቁምሳጥን ነው ያለኝ፤ ቁምሳጥን ነው» አለ፣ ለራሱ ነገረና።

ሜትሩን ሲዘረጋ ካማላ ከለከለች፤
«በዚህ ነው የሚለካ» ብላ፣ መዳፏን ዘረጋች።
አራት ስንዝር ወርድ፣ ዘጠኝ ስንዝር ቁመት፤
የአንዲት ሴት እጅ ነው የመቅደሱ መሠረት።

የሰሊጥ ዘይት ሞልተው፣ ክሩን አስነክረው ለኮሱ፤
በጣሪያው ሥር ገብቶ፣ እፍ አለው ነፋሱ።
ደግመው ለኮሱ። ደግሞ አጠፋው።
ካማላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ራጋቫን ቃል ጠፋው።
አባቴ መሰርሰሪያውን ይዞ በሌሊት ተመለሰ፣
የቁምሳጥኑን በር በቀዳዳ ወንፊት አድርጎ ጨረሰ፤
እሳቱ እንዲተነፍስ፣ ነፋስ እንዳይገባ፤
ቀዳዳው ከሩቅ ሲያዩት፣ አንድ ሙሉ አበባ።

እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ በመስኮት አጮለቅሁ፤
ትልልቆቹ ተማሪዎች የሚርዱለትን ሰው
በባዶ እግሩ አየሁ፤
ግንባሩ ሲሚንቶውን ነክቷል።
ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ጊዜው ከፋ። ውሉ አልታደሰም።
ካማላ ትንሿን የነሐስ ምስል በመሐረብ ጠቀለለች፤
ቁምሳጥኑ ግን ሻንጣ አልገባም።
የቤቱ ባለቤት እትዬ ፈለቀች ሰሃን ደረደረችበት፤
ቀበሌ ወረሰው፣ የስኳር ራሽን ካርድ አጨቀበት፤
ቀጥሎ ዶሮ አደረበት።
እኔ ከዶሮዎቹ ገዛሁት፣ በሦስት መቶ ብር።

አሁን የደም ግፊት ኪኒኔ እዚያ ነው፣
የውሃ ደረሰኝ፣ የባትሪ ድንጋይ።
ልጄ «ቫርኒሽ ይቀባ» ስትል፣ እሺ እላታለሁ፣
«ከውስጥ፣ ከአናቱ ያለውን ጥላሸት ግን እንዳትነኪ፣ አደራ።»
«ለምን?» ትለኛለች።
ወጥ አማስላለሁ።

ኮረብታው ላይ ዛሬ ነጫጭ ክንፎች ይዞራሉ፤
ያንን መብራት አጥፊ ነፋስ ይዘው መብራት ይፈትላሉ።
እንዲያም ሆኖ፣ ኅዳር ላይ፣ ጨረቃዋ ሞልታ፣ መብራት ይሄዳል፤
ሰፈሩ ሁሉ «ውይ» ይላል።
ያኔ በሩን እከፍታለሁ።
አልለኩስም። አልጸልይም። የራሴ ታቦት አለኝ።
ብቻ፣ የራጋቫን ቤት ዘይት ዘንድሮ ማን አደረሰ ይሆን እላለሁ፤
በጨለማው እጄን ወርዱ ላይ ዘርግቼ እለካለሁ፤
በእኔ ስንዝር
ሦስት ከግማሽ ነው።