ጎንበስ ቀና

ከዚፕ ሱቁ በላይ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ በበሩ ሳይ፣
ማታ ማታ ክፍሉ ይሞላል ነጋዴ፣
ጣት ቆጥሮ መግባባት ያለቀበት ዘዴ።
ከተማችን ዪዉ ናት፤ አዝራር በኩንታል
ተጭኖ እስከ ዓለም ዳር ከዚህ ይወጣል።

ካዛኩ ሰሪክቦል ሊገዛ ነው የመጣው፣
አንዲት ቃል ናት እንጂ ገበያ ያሳጣው፦
"ማይ" ጎንበስ ቀና ሲል መግዛት ነው ትርጉሙ፣
"ማይ" ከላይ ሲወድቅ መሸጥ ነዋ ስሙ።
እሱ በአንድ ዜማ ሁለቱንም ይላል፣
ሺህ ደርዘን ገዝቶ "ሸጥኩ" ብሎ ይምላል።

ጃፓኑ ሚኔዎ አፉ ዝግ፣ ዓይኑ ክፍት፣
ፊደሉን ያውቀዋል ከአገሩ፣ ከጥንት፤
ድምፁን ነው የማያውቅ። "እጅ" ከ"ወረቀት" ጋር
ተጽፎ ሲያይ ጊዜ "ደብዳቤ" አለ፣ በክብር፤
"ለሚስቴ በሳምንት አንድ እልካለሁ" ሲል
ክፍሉ በሳቅ ሞተ፤
እዚህ ያ ወረቀት
ሽንት ቤት ነው የሚውል።

ኹየን፣ ከሃይፎንግ፣ ጆሮዋን ታምናለች፤
"ቶንግዪ" ሲባል ሰምታ "ዶንግ ኢ!" ትላለች፣
"'ተስማማሁ' ነው፣ የኛ! የጥንት ብድር ነው፣
ወለዱን ግን ዛሬ እኔ ነኝ የምከፍለው።"

አዴቶላ ደግሞ ዜማ አይቸግረው፤
በዮሩባ አንድ ቃል፣ ድምፅ እየቀየረው፣
ባልም ነው፣ መኪናም።
የቻይና ፊደል ግን
የተጠላለፈ ሽቦ ነው ለሱ፣ አይፈታም።
በደረሰኝ ጀርባ ሠላሳ ጊዜ ስሎ
ይሄዳል፣ እዚያው ጥሎ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ወንበሩ ሲራቆት፣
የኔ ትምህርት ያኔ ነው፤
ወለል ላይ የቀረ ቃል ሁሉ የኔ ነው።
መምህርት ቹ "አንቺማ የሀገሩ ሰው ነሽ፣
ምን ያስቸግርሻል?" ትለኛለች።
የጉይዦን ተራራ፣ ሚያዎ እናቴን፣
የት አይታ ታውቃለች?
ስምንት ዜማ ባለው ቋንቋ ነው ያደግኩት፣
ወደ አራት ስወርድ ነው የተደናቀፍኩት።
ብጣሽ ወረቀቱን በሽርጤ ኪስ ይዤ
በአርባ ሁለት ዓመቴ
አንድ አንድ እለቅማለሁ።

ትናንት ሰሪክቦል ኮፍያውን ረስቶ
ሲመለስ አገኘኝ፣
የጣለውን ብጣሽ ከእጄ ላይ አይቶ።
"ማይ" ስል ሰማኝ።
"ድገሚው" አለኝ።
ደገምኩት። አልያዘውም።
በምን ቋንቋ ላስረዳው?
መጥረጊያዬን ሰጠሁት።

ጎንበስ ብሎ ጠረገ፤
ቀና ሲል
"ማይ" አለ፣
ገዛ።