የራሰ ውጤት

ማርቆስ፣ ሐምሌ እኩሌታ፣ ሰማዩ ተደፋ፣
አሥራ ሁለት ቀኑ ኔትወርክ ከጠፋ።
ስልክ እንደ መስተዋት ፊት ብቻ ያሳያል፤
ቴሌ ደጅ ብንሄድ ዘበኛው «ነገ» ይላል።

ሣር አለ ባሕር ማዶ፣ በሬ የማይግጠው፣
ነጭ የለበሰ ሰው በጫማ የሚረግጠው፤
በየዓመቱ ክረምት ቴኒስ ይገጥሙበታል፣
ሕዝቡ ግራና ቀኝ አንገት ያዞርበታል።
የአንድ ላም ጌታ ነኝ፤ ነገሩ ያመኛል፤
ለአትንኩት ብነግረው «ዝም በል፣ መቅደስ ነው» ይለኛል።

አትንኩት ጡረተኛ፣ የጂኦሜትሪ መምህር፣
ጥቁር ሰሌዳ ላይ ማዕዘን ሲያሰምር
ዕድሜውን የፈጀ፤ ማታ፣ ከክበቡ ጀርባ፣
በተሰነጠቀው ሲሚንቶ ላይ ቆሞ
የሚጣራ ነበር፦ አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ።
«አርባ አምስት አይደል ወይ ስሌቱ?» ብለው፣
«አምስቷ» አለኝ «ተቆርጣ የቀረችው
ለሚሸነፈው ሰው ስንቅ እንድትሆነው ነው።»
(ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቀው።)

የሚደግፈው ሰው ሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣
በጨርቅ የተጠፈረ የግራ ጉልበቱ።
ስሙ አፍ ላይ ያዳልጣል፣ ባዕድ ነው ለጎጃም፤
«ሽሜ» ነው የምንለው፣ ቢሰማም ባይሰማም።

የፍጻሜው ቀን ነው። ኳሷን ሰቀለ ሽሜ፤
ስልኩ ላይ ክብ ዞረች፤ አየኋት ቆሜ ቆሜ፤
ኳሷ ሳትወርድ ቀረች።

ዓለም ዋንጫ ሰጥቷል፣ ሣሩንም ሸፍኗል፣
የተሸነፈውም ሻንጣ አንስቶ ሄዷል፤
እኛ ጋ ግን ገና ኳስ አየር ላይ ናት።
አትንኩት ጃንጥላውን አጥፎ በር ላይ፣ በጠዋት፣
«ወረደች?» ይለኛል። «አልወረደችም» እላለሁ።
ደስ የሚለው ይመስላል፤ እኔ ምን አውቃለሁ።

ይርሳው የሚባል ልጅ፣ የአውቶብስ ረዳት፣
ከአዲስ አበባ ሲመለስ ያመጣት
ከሲጋራ ፓኮ የተቀደደች ናት፤
ስሙን በእስክሪብቶ፣ ቁጥሩን በእርሳስ።
የዓባይን ዳገት ወጥቶ ደጀን ሲደርስ
ጎማ ፈንድቶበት፣ ዶፉ እላዩ ፈሰሰ፤
ስም ሰማያዊ ሆኖ ከኪሱ ታች ደረሰ፤
ቁጥሩ ብቻ ቀረ፦

ስድስት ለአራት፤
ሦስት ለስድስት፤
ሰባት ለስድስት፤
ስድስት ለሰባት፤
ሰባት ለአምስት።

«ማን አሸነፈ፣ ይርሳው?» «እንጃ፣ ረሳሁት፤
ሁለቱም ሲያለቅሱ ነው ቲቪ ላይ ያየሁት።»

አትንኩት ጠመኔ ከኪሱ አወጣ
(እሱ ጡረታ ወጣ እንጂ ጠመኔው አልወጣ)፤
የክበቡን ግድግዳ፣ ጣራ የሚጋርደውን፣
ሞላው በቁጥር፣ እንደ ድሮው ሰሌዳውን።
«ሦስት ለስድስት፦ እዚህ ጋ ጉልበቱ ነው።
ሰባት ለስድስት፦ እዚህ ጋ እልሁ ነው።
ስድስት ለሰባት ላይ...» አለና ዝም አለ።
ጠመኔው ተሰበረ። ዝናቡ ቀጠለ።

ራኬት አቀበለኝ፣ ሦስት ክር የጎደለው፤
መረባችን ገመድ፣ ማዳበሪያ ጆንያ የለበሰው።
«የመጨረሻውን ዙር እንጫወት» አለኝ፤
«ሰባቱ ያንተ ነው፤ አምስቷ ትበቃኛለች።»
ጭቃ ላይ ተንሸራተትን፤ ኳሷ ውሃ ጠጥታ ከበደች።
እስኪመሽ ፈጀብን። እንዲህ ላቡ እስኪወርድ
ለመሸነፍ የደከመ ሰው አይቼ አላውቅም።

ነሐሴ ማብቂያ ላይ ስልኩ ሁሉ ጮኸ፤
የሰርግ ጥሪ፣ መርዶ፣ ዕዳ፣ አንድ ላይ ተንጫጫ፤
ሰርጉ አልፎ፣ ሙቷ ተቀብራ፣ ዕዳው ብቻ ቀርቶ።
እኔም ከፈትሁና አየሁ ያን ውጤት።
ስሙን አየሁት። ፎቶውንም።

በማግሥቱ አትንኩት መጣ፣ ጃንጥላውን አጥፎ፤
ላሜን እያለብሁ ነው።
«ወረደች?» አለኝ።
«አልወረደችም» አልሁት።
ቀና አለ። ጳጉሜ ሊገባ ነው፣ ሰማዩ ጠርቷል።