የተቀደደ እጅጌ

ቀፊራ፣ ከቅስቱ ገባ ሲሉ፣ ሦስተኛው ሱቅ የኔ ነው፤
የደቻቱን ልጆች ቁጥር ከጀርባቸው የምሰፋው
እኔ ነኝ፣ ዘቢባ ሰፊዋ።
ስምንት ቁጥር የሮብሌ ነው፤
ሁለት ቀለበት፣ አንድ ወገብ፣
ዓይኔን ጨፍኜ የምቆርጠው።

እሁድ በዘጠኝ ሰዓት፣ ሙቀቱ ድንጋይ ሲያስለቅስ፣
ከግራሩ ጥላ በኩል ሦስተኛው እርከን ላይ ነበርኩ፤
ያየሁትን ነው የምላችሁ፣ አቦ፣ ከራሴ አልፈጠርኩ።
ያ የሸገሩ ተከላካይ፣ ቁመቱ ስልክ እንጨት ያከለ፣
ኳሷ ከሄደች በኋላ እጅጌውን ይዞ ጣለ፤
ሲነሳ ደግሞ ጎተተው። ጨርቁ ሲጮኽ ሰማሁት፣
የገዛ እጄ ስፌት ነው፣ ከሺህ ሰው ጩኸት ለየሁት።
ዳኛው ወዲያ ዞሮ ነበር፤ ጀርባ ደግሞ አያይ።
በሦስተኛው ሮብሌ ዞረ።
ያኔ ፊሽካ። ያኔ ቀይ።

ማታ ሬዲዮ ከፈትኩ፤ ሳመሽ ልማዴ ነው።
ከሸገር የሚያወራው ሰውዬ፣ ድምፁ ቅቤ የጠጣ፣
«ጠበኛ» አለው ልጃችንን፣ «ከዚያ በረሃ የመጣ»፤
ያንን ስልክ እንጨት ግን «ወኔ ያለው» ብሎ አሞገሰ፣
ስለ ጉንጩ እብጠት ሲያትት ራሱ እንባውን አበሰ።
አንድ ክርን፣ ሁለት ስም፤
እዚያ ሲነሳ ወኔ፣
ደቻቱ ሲነሳ ወንጀል።
ስለ እጅጌው ማን ያውራ?
እጅጌ ስቱዲዮ አይጋበዝ።

ረቡዕ ደብዳቤው ደረሰ፤ ማኅተሙ ክብ፣ ቃሉ ደረቅ፤
አምስት ጨዋታ ቅጣት፣ ገንዘቡ ደግሞ ለብቻ።
ፈትያ የጫት እስሯን ጥላ ረገመች እስኪመሽ፤
የባጃጁ ልጅ ናትናኤል የኋላ መስታወቱ ላይ
«ስምንትን መልሱ» ብሎ ጻፈ፣ «መልሱ»ን ሁለቴ አስምሮ።
ጋሽ ወልደየስ፣ ፉላቸው እየቀዘቀዘ፣
«ሠላሳ ዓመት ባቡር ነዳሁ» አሉ፣
«ሐዲድ እንኳ ወዳንድ ወገን እንዲህ አያዘነብልም።»

ሐሙስ ሮብሌ ራሱ መጣ፣ ማልያውን በፌስታል ይዞ።
ቀዳዳው ከብብት እስከ ክርን።
«ይሄ እኮ ምስክር ነው» አልኩት፣ «ወስደህ አሳያቸው እንጂ!»
ሳቀ። «ሰፊ ጠርቶ የሚጠይቅ ኮሚቴ የት አገር አለ?»
ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ለክር ሳጥኔ የሚያወራ ይመስል፣
«መትቼዋለሁ እኮ። እሱንስ አልዋሹም።
ወሬውን ከመሃል ጀመሩት እንጂ።»

ዝም አልኩ።
አይቼ ነበር።
ከእሁድ እስከ ሐሙስ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ስምል፣
«ክርኑን ንክች አላደረገም» ስል፣
እኔም መቀስ በእጄ ነው፣
ያልተመቸኝን ጨርቅ ቆርጬ
ከጠረጴዛው ስር ጥያለሁ።

ቀይ ክር አነሳሁ፣ ስፌቱ ከሩቅ እንዲታይ፤
«ተይ» አለኝ፣ «አቦ፣ ዘንድሮ ጠግቤያለሁ ቀይ።»
በሰማያዊ ሰፋሁት። ጠባሳው ግን አልጠፋም፤
ጨርቅ የተጎተተበትን አይረሳም።

ሮብሌ፣ በእናቱ ቋንቋ፣ በዝናብ ቀን የተወለደ ነው።
ደቻቱም ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ግመል የሚያቋርጠው፤
አንድ ሌሊት ይሞላና፣ ጎርፉን ሁሉም ያወራዋል፣
ተራራው ላይ የዘነበውን ግን
ማን ወጥቶ ያየዋል?

ቅዳሜ ያለሱ ወጣን። አንድ ለዜሮ።
ሬዲዮው «ጨዋ ጨዋታ» አለው።
አልዘጋሁትም።
ፔዳሉን ረገጥኩ፣ ሲንጀሬ ጮኸ፣
የሰውዬው ቅቤ ድምፅ ከስሩ ቀረ።
አራት ጨዋታ ቀረ።