አስራ አምስት ደቂቃ

ክንዱን ዘረጋልኝ ጠረጴዛው ላይ፤
በሰማያዊ እስክሪብቶ ከክርኑ ሥር ተነስቼ
እስከ አንጓው ድረስ ቁጥር ጻፍኩ፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ።
«የማባዣ ሠንጠረዥ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ
ያፌት፣ አንደኛ ክፍል፣ የፊት ጥርስ የሌለው።
«ዛሬ ተፈታኙ ቆዳህ ነው፤
እኛ እንጠይቃለን፣ እሱ ይመልሳል» አልኩት።
በየቁጥሩ ጎን ጠብታ አኖርኩለት፦

አንዱ የጨው ውሃ፣ ማንንም የማያስቆጣ፤
አንዱ ማንንም የማይምር፣ የግድ እብጠት የሚያመጣ፤
በሁለቱ ምስክር መሐል ነው ፍርዱ የሚወጣ።
ከዚያ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣
የቤት አቧራ።
ዘጠነኛው ኦቾሎኒ። እናቱ ዘነቡ
ፊቷን አዞረች ስሙ ሲጠራ።

በመርፌዋ ጫፍ ነካ፣ ነካ፤ ትንኝ ከዚህ ትከፋለች።
የአድሬናሊኑ መርፌ ትሪው ላይ፣ ባታስፈልግ እየተመኘሁ።
የጠረጴዛዋን ሰዓት ሞላሁ።
አስራ አምስት ደቂቃ። ማከክ የለም።

ከታች፣ ከቸርችል ጎዳና፣
«ፒያሳ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል ረዳቱ፤
አንድ ሰው ሞልቶለት አያውቅም።

ዘነቡ የአምስት ወር ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ አጠባች፤
ሳትጠየቅ ጀመረች፦
«ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ነው ቆሎ የምሸጠው፤
ሱፍ፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ፣ በስኒ እየሰፈርኩ፣
በአሮጌ ደብተር ወረቀት እየጠቀለልኩ።
ፊደል የቆጠረው በዚያ ወረቀት ነው፣ እግሬ ሥር ተቀምጦ።
አምና በሁዳዴ ግን ከንፈሩ አብጦ፣
ዓይኑ ተደፍኖ፣ ትንፋሹ ሲር ሲር ሲል...
ያን ዕለት ጠዋት እትዬ ትርፌ፣ የጋራ ቧንቧችን ላይ፣
‹ይሄ ልጅ እንዴት አማረበት!› ብላው ነበር።
በቃ። የቂርቆስ ሰው ሁሉ ይህችን ቃል ይዞ አደረ።
ዓይን ነው ተባለ። በላችው ተባለ።
ጤና አዳም አሸተትነው፣ ተረፈልኝ።
እሷን ግን ከዚያ ወዲህ ደህና አደርሽ አላልኳትም፤
ልጇን ስትድር አልሄድኩም፤
ታማ ስትተኛ ደጇን አልረገጥኩም።»

ሰዓቷ ጮኸች።

ማስመሪያዬን አወጣሁ። ወተት ዜሮ። እንቁላል ዜሮ።
ሰሊጥ ጥቂት ቀላ ብሏል፣ አይቆጠርም።
ዘጠነኛው ላይ ግን ራሱ ነጭ፣ ግርጌው ቀይ፣
አስራ አንድ ሚሊ ሜትር።
«እንጦጦ!» አለ ያፌት፣ ክንዱን ወደ መስኮቱ አንስቶ።

ዶክተር ሂክማ ጎንበስ ብላ አየችው፦
«እብጠት ብቻውን አይፈርድም፤
ይሄ ከነገርሽን ቀን ጋር ሲደመር ነው።»
ዘነቡ እጇን አየች፣
ጥፍሯ ሥር የቀረውን ቀይ ገለፈት።
«እኔው ነኛ!»
«ማንም አይደለም። ሰውነቱ ዘበኛ ነው፣
እንግዳውን ሌባ ብሎ የጮኸ።»
«የገበያዬ ግማሽ እኮ ነው ኦቾሎኒ።»
ለዚህ ሂክማም መልስ አልነበራትም።

ከዚያ ስለ ሕፃኗ ተነሳ፦
«ከልጅ አርቁ እያልን ስንመክር ኖረን፣
አሁን መልሰን የምንጠይቀው፣ ቀድማ ብትቀምስስ?
በደንብ ልሞ፣ ቀጥኖ፣ በማንኪያ ጫፍ፣
እዚሁ፣ ዓይናችን እያየ።
ላይሠራም ይችላል። ጥናት የተባለውም ለዚያ ነው።»
ዘነቡ ቅጹን ገለበጠች፣ መለሰች።
«ልምከርበት» አለች።
ልክ ነች።

በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች።
«አንድ ወረቀት ይጻፍልኝ።»
«ለትምህርት ቤቱ ሰጥቼሻለሁ» አልኳት።
«ለትምህርት ቤት አይደለም። ለእትዬ ትርፌ።
ዓይን አይደለም የሚል። ማህተም ይኑረው።»

ቅጻችን እንዲህ ያለ ቦታ የለውም።
ከጀርባው ጻፍኩላት።
ማህተሙን ሁለቴ መታሁት፣
የመጀመሪያው ደብዝዞ ነበር።

ያፌት ደረጃውን ሲወርድ ጮክ ብሎ ያነበዋል፤
«ት–ር–ፌ» የሚለው ላይ ሲደርስ
ድምፅህን ቀንስ ትለዋለች እናቱ።